የስኖውሞቢል ስላይደር ያለ ጊዜው ለምን ያልቃል? አሮጌውን ከመጣላችሁ በፊት እዩት

"ስላይደሩን ባለፈው ክረምት ነው የለወጥኩት፤ እንዴት አሁኑኑ አለቀ?" ሰሜን ሚኒሶታ በምሠራበት ጋራዥ በረዶ በወረደ ቁጥር ይህን እሰማለሁ። ጠያቂው ብዙ ጊዜ መልሱንም ይዞ ይመጣል፤ ርካሽ ዕቃ ገጥመውለት እንደሆነ እርግጠኛ ነው። ውድና ርካሽ ስላይደር መኖሩ እውነት ነው። እኔ ግን በአንድ ክረምት የተበላ ስላይደር ሳይ ፕላስቲኩን የምጠረጥረው መጨረሻ ላይ ነው። መጀመሪያ ሁለቱንም አውጥቼ፣ የፊተኛው ጫፍ የትኛው እንደሆነ በቾክ ምልክት አድርጌ፣ ጎን ለጎን ጠረጴዛ ላይ አጋድሜ አያቸዋለሁ። የት ጋ እንደተበላ ከታወቀ፣ ለምን እንደተበላ ማወቁ ብዙ አያስቸግርም። አሮጌውን ቆሻሻ ውስጥ ጥሎ አዲስ የሚገጥም ሰው ያንኑ በሽታ ለአዲሱ ያወርሰዋል።

ማሽን በቅርቡ ለገዛችሁ፣ ነገሩን ከሥሩ ልጀምር። ስኖውሞቢላችሁን ከኋላ ብታነሱት፣ ማሽኑን በሚገፋው የሚዞር የላስቲክ ቀበቶ ማለትም በትራኩ ውስጥ ሁለት ረጃጅም የአሉሚኒየም ሐዲዶች ታያላችሁ። በእነሱ የታችኛው ጠርዝ ላይ እንደ ጫማ ሶል የተገጠመ ረጅም ፕላስቲክ አለ። ስላይደር እሱ ነው፤ የአካባቢው ነባር ነጂዎች ሃይፋክስ ይሉታል። በትራኩ ውስጠኛ ገጽ ላይ ደግሞ የብረት ክሊፖች በተርታ ተቆልፈዋል። የእናንተና የማሽኑ ክብደት፣ ከፊት ያሉት መንሸራተቻዎች (ስኪዎቹ) ከሚሸከሙት በቀር፣ አብዛኛው በእነዚህ ሁለት ፕላስቲኮች በኩል ክሊፖቹ ላይ ያርፋል። ቦጊ የሚባሉት ትንንሽ ጎማዎች ጭነቱን ይጋራሉ እንጂ ሙሉ በሙሉ አይወስዱትም።

አሁን አንድ ነገር አስቡ። መሬት የያዘው የትራክ ክፍል ባለበት ነው የሚቆየው፤ የሚንሸራተተው ስላይደሩ ነው። በሚኒሶታ ለስኖውሞቢል የተፈቀደው ከፍተኛ ፍጥነት በሰዓት 50 ማይል ነው። በዚህ ፍጥነት ስትሄዱ ፕላስቲኩ በብረት ላይ በሰከንድ 22 ሜትር ያህል ይፋተጋል። 137 ኢንች ርዝመት ያለው ትራክ በአንድ ሰከንድ ከ6 ጊዜ በላይ ይዞራል። ስላይደሩ የሚሠራበት ፖሊኤትሊን ጠንካራና አንሸራታች ቢሆንም 135 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲደርስ ይቀልጣል። ግራፋይት የተቀላቀለበት ጥቁሩ ዓይነት ትንሽ የተሻለ ይንሸራተታል፤ እሱም ቢሆን ይቀልጣል።

ታዲያ ለምን በየቀኑ አይቀልጥም? በረዶው ስለሚያድነው ነው። በትራኩ መስኮቶች፣ ማለትም በላስቲኩ ላይ ባሉት ቀዳዳዎች፣ በኩል የሚገባው በረዶ በክሊፑና በፕላስቲኩ መካከል ቀልጦ ውሃ ይሆናል። ያ ቀጭን ውሃ ቅባትም ነው፣ ማቀዝቀዣም ነው። እሱ ከጠፋ ደቂቃዎች ይበቃሉ። የ2023-24ን ክረምት እዚህ የነበረ ሰው አይረሳውም። ሚኒሶታ ከተመዘገቡት ክረምቶች ሁሉ በጣም ሞቃት ከሚባሉት አንዱን ነው ያሳለፈችው፤ ዱሉዝ አካባቢ የሚጀመረው የጆን ቢርግሪስ የውሻ መንሸራተቻ ውድድር እንኳ በበረዶ እጦት ተሰረዘ። ማሽን ያለው ሰው ግን እጁን አጣምሮ አልተቀመጠም። በረዶ ባልለበሰ አይስ (ቀዝቅዞ በረጋ ውሃ) ላይ፣ አፈሩ በወጣበት መንገድ ላይ ነዳ። ጋራዣችን ያን ዓመት የቀለጠ ፕላስቲክ ይሸት ነበር።

አሮጌው ምን ይላል?

ገጹ ተወልውሎ ካብረቀረቀ፣ ጠርዙ ላይ ፕላስቲኩ ቀልጦ ተጎትቶ ከተንጠለጠለ፣ ክሊፖቹም ላይ ከተጋገረ፣ ምክንያቱ ሙቀት ነው፤ በረዶ አልደረሰውም ማለት ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚዘለው ነገር አለ። ክሊፕ ላይ የተጋገረው ፕላስቲክ ካልተነሳ አዲሱ ስላይደር በብረት ላይ መንሸራተቱ ቀርቶ ፕላስቲክ ከፕላስቲክ ጋር ይፋተጋል፤ ያ ደግሞ የባሰ ይሞቃል። ክሊፖቹን አንድ በአንድ በመፋቂያ ሳታጸዱ አዲስ አትግጠሙ። አሰልቺ ሥራ ነው፤ ሙዚቃ ክፈቱና ሥሩት።

ሞገድ ሞገድ ሆኖ ከተበላ፣ ማለትም ጎማ ባለበት ቦታ ወፍሮ በጎማዎቹ መሀል ከሳሳ፣ በመጠኑ ከሆነ ጤናማ ነው። ጎማዎቹ ትራኩን ከስላይደሩ ላይ ስለሚያነሱት በአጠገባቸው የሚያርፈው ጭነት ይቀንሳል። አንደኛው ጎድጓዳ ከሌሎቹ ተለይቶ ከጠለቀ ግን በአቅራቢያው ያለውን ጎማ በእጃችሁ አሽከርክሩት። ከጮኸ፣ ከተንገራገጨ ወይም ወደ ጎን ከተወዛወዘ ኩሽኔታው አልቋል። የኩሽኔታው ቁጥር ጎኑ ላይ ተጽፏል፤ ያንን ይዛችሁ ማንኛውም የኩሽኔታ መሸጫ ብትሄዱ ታገኙታላችሁ፣ ከማሽኑ አከፋፋይ ዋጋ ብዙ ጊዜ ባነሰ። የጎማው ላስቲክ ራሱ ተበልቶ ዙሪያው ካነሰም ውጤቱ ያው ነው፤ ጎማው ይዞራል፣ ጭነቱን ግን ስላይደሩ ይሸከማል።

ከፊት፣ ሐዲዱ ወደ ላይ በሚታጠፍበት ቦታ ብቻ ከተበላ፣ የተንጠልጣዩ (ሐዲዶቹን፣ ጎማዎቹንና ሞላዎቹን የያዘው ክፍል) የፊት በኩል መሬቱን ከሚገባው በላይ እየተጫነ ነው። የፊተኛው ሞላ በጣም ጠብቆ ሊሆን ይችላል፣ ወይም ሊሚተር የሚባለው ማሰሪያ ቀበቶ በጣም ረዝሟል። ሞላውን ጥቂት አላሉት፣ ቀበቶውን አንድ ቀዳዳ አሳጥሩት። ክብደቱ ወደ ስኪዎቹ ስለሚሄድ መሪው ትንሽ ሊከብዳችሁ ይችላል።

ከኋላ ከሆነ የመጀመሪያው ጥያቄዬ "ከኋላ ምን ትጭናላችሁ?" የሚል ነው። ሁለት ሰው፣ የዓሣ ማጥመጃ ድንኳን፣ የአይስ መብሻ፣ ሙሉ ነዳጅ። ሁሉም እዚያ ያርፋል። የኋላው ሞላ ለአንድ ሰው ተስተካክሎ ሁለት ሰው ከጫናችሁ ስላይደሩ ይከፍላል። ሁለተኛው ተጠርጣሪ ከልክ በላይ የጠበቀ ትራክ ነው።

አንዱ ጎን ብቻ ካለቀ ወይም የስላይደሩ የውስጥ ጠርዝ በጎን ከተፋቀ ትራኩ መሀሉን ስቷል፤ ካልሆነ ሐዲዱ ጠምሟል። ረዣዥም ጭረቶች ካሉ ደግሞ አሸዋና ጠጠር ነው፤ ወይም የተጣመመ ክሊፕ አለና ትራኩን ሙሉ ዙር አዙራችሁ ፈልጉት።

ለሌላ አገር የተሠራ ማሽን

አንድ ጉዳይ ለብቻው ማንሳት እፈልጋለሁ፤ የእኛ ልጆች ደጋግመው ሲገቡበት ስለማይ ነው። ከሚኒያፖሊስ የመጣ አንድ ወጣት በኢንተርኔት ከምዕራብ አሜሪካ የመጣ ያገለገለ የተራራ ማሽን ገዛ። ረጅም ትራክ፣ ጥልቅ ጥርስ፣ ቀላል፣ ለዓይን የሚያምር። በአንድ ክረምት ሁለተኛ ስላይደር ሲያስገጥም ተናዶ፣ "ጋሼ፣ ዕቃው ኦሪጅናል ነው እኮ!" አለኝ።

"ማሽኑም ኦሪጅናል ነው ልጄ፤ ለእኛ መንገድ አልተሠራም እንጂ" አልኩት።

የተራራ ማሽን ወገብ በሚደርስ ለስላሳ በረዶ ውስጥ እንዲዋኝ ነው የተሠራው። እዚያ ስላይደሩ ያለማቋረጥ በበረዶ ይታጠባል፤ ስለዚህ አምራቾቹ ክብደት ለመቀነስ ብለው ቦጊ ጎማ ይቆጥባሉ። ያንኑ ማሽን ከዱሉዝ እስከ ግራንድ ማሬ በሚዘረጋው የኖርዝ ሾር መንገድ ላይ፣ ብዙ ማሽን ሲመላለስበት ጠጥሮ በደነደነ በረዶ ላይ በ50 ማይል ብትለቁት ምን እንደሚሆን መገመት አያዳግትም። የልጁ ማሽን ላይ በየሐዲዱ ተጨማሪ ጎማ ጨመርን፣ መቧጨሪያ (ምን እንደሆነ ከታች እነግራችኋለሁ) አስገባን። ስላይደሩ ያው የበፊቱ ዓይነት ነው፤ አሁን በደንብ ይዟል። እንዲህ ያለ ማሽን ለመግዛት ካሰባችሁ የጎማና የመቧጨሪያውን ዋጋ ከመጀመሪያው ሒሳብ ውስጥ አስገቡ።

መቧጨሪያና የአነዳድ ልማድ

መቧጨሪያ በሐዲዱ ጎን ታስሮ መሬት ላይ የሚጎተት የብረት ሞላ ወይም ኬብል ነው። የደነደነውን በረዶ እየጫረ ዱቄቱን ወደ ትራኩ ይረጫል። ስላይደሩም በውሃ የሚቀዘቅዘው ሞተር ራዲያተርም ከዚያ ይጠቀማሉ፤ ራዲያተሩ ያለው ከትራኩ በላይ፣ ጣሪያው ላይ ነውና። በእኔ እምነት ለእኛ አካባቢ ነጂ ከዚህ የተሻለ ገንዘብ የሚወጣበት ዕቃ የለም። ጠንካራው ዓይነት በጥልቀት ይጭራል፣ ወደ ኋላ ስትነዱ ግን ሊታጠፍ ወይም ሊሰበር ይችላል፤ መሰቀያው ላይ መልሳችሁ አንጠልጥሉት። የኬብሉ ዓይነት ወደ ኋላ መሄድን የተሻለ ይችላል። መርሳት የሚወድ ሰው ኬብሉን ይግዛ። ጥልቅ በረዶ ውስጥ ሁለቱም ሥራ የላቸውም፤ አንሷቸው።

መቧጨሪያ የሌለው ነጂ የሙቀት መለኪያውን ይመልከት። ሞተሩ መሞቅ ከጀመረ ራዲያተሩ በረዶ አጥቷል ማለት ነው፤ ስላይደሩም እንደዚያው። በየጥቂት ደቂቃው ወደ መንገዱ ጠርዝ ወጣ ብላችሁ ልል በረዶ ላይ ንዱ፤ የግል መሬት እንዳትረግጡና ከበረዶው በታች ጉቶ እንዳይኖር ብቻ ተጠንቀቁ። የፕላስቲክ ሽታ ከሸተታችሁ ድንገት አትቁሙ። የቀለጠው ፕላስቲክ ቆማችሁ ሲቀዘቅዝ ክሊፑ ላይ ይጣበቃል። በዝግታ እየሄዳችሁ በረዶ ፈልጉ፣ ትራኩ ይታጠብ፣ ከዚያ ቁሙ።

ሐይቅ ላይ በረዶ ያልለበሰ አይስ ከሁሉም የከፋ ነው፤ ሰፊና ቀጥ ያለ ስለሆነ ፍጥነት እንድትጨምሩ ይጋብዛል። ስላይደሩን ከማሰባችሁ በፊት ግን ራሳችሁን አስቡ፦ የሚኒሶታ የተፈጥሮ ሀብት መሥሪያ ቤት ለስኖውሞቢል ቢያንስ ከ5 እስከ 7 ኢንች ውፍረት ያለው አዲስና ጥርት ያለ አይስ ይመክራል።

አስፋልት ስታቋርጡ በዝግታና በአጭሩ። ነዳጅ ማደያ ውስጥ ወዲያ ወዲህ አትዙሩ። ከተጎታች ጋሪ ስታወርዱም ጠጠር ላይ ከሆነ ማሽኑን ከኋላ ሰው ቢያነሳላችሁ ይሻላል።

ቅባት መርጨትስ? ሲሊኮን፣ ዘይት፣ ግራሶ፣ ያልተሞከረ የለም። ትራኩ ጥቂት ዙር እስኪዞር ይሠራል፤ ከዚያ ተጠርጎ ይሄዳል። ዘይትና ግራሶ ደግሞ አሸዋ ይይዛሉ፣ የትራኩንም ላስቲክ ይጎዳሉ። ተዉት። በጋውን ቆመው የዛጉ ክሊፖች ግን እውነተኛ ችግር ናቸው፤ ዝገቱ ፕላስቲኩን ይሞርደዋል። የወቅቱን የመጀመሪያ ጉዞ ልል በረዶ ላይ በዝግታ አድርጉት፣ ዝገቱ ይጠረጋል።

የትራኩ ጥብቀትና መሀሉን መያዙ

ይህን ሳታስተካክሉ ስላይደር አትለውጡ። በጣም የጠበቀ ትራክ ክሊፖቹን ከስላይደሩ ጋር አጥብቆ ያጋጫል፣ ኃይልም ይበላል። በጣም የላላው ደግሞ ጥርስ ይዘላል፣ ጣሪያውን ይመታል። ልኩ ከማሽን ማሽን ስለሚለያይ የማሽናችሁን መመሪያ ክፈቱ። አለካኩ ግን ተመሳሳይ ነው፦ ማሽኑን ከኋላ አንሱት፣ ትራኩ ውስጥ የተጋገረ አይስ ካለ አውጡ፣ መመሪያው ያለውን ክብደት ትራኩ ላይ አንጠልጥሉ፣ ከዚያ በስላይደሩ ታችና በክሊፑ መካከል ያለውን ክፍተት ለኩ። ፖላሪስ የተባለው አምራች ብዙ መመሪያዎቹ ከኋላ ጎማ መሀል 16 ኢንች ወደ ፊት ቆጥራችሁ 10 ፓውንድ ክብደት አንጠልጥሉ ይላሉ፤ ሌላው አምራች ስኪ-ዱ 7.3 ኪሎ ይላል። "በእጄ ስይዘው ይታወቀኛል" የሚል መካኒክ አለ። እኔ በእጄ አላምንም፤ ሚዛን አለኝ።

ለማስተካከል የኋላውን አክስል ብሎን አላሉ፣ የግራና የቀኙን ማስተካከያ እኩል እኩል አዙሩ። ከዚያ መሀሉን መያዙን እዩ። ማሽኑ በጠንካራ መቆሚያ ላይ ከኋላ ተነስቶ፣ ትራኩ በቀስታ ሲዞር፣ የትራኩ መሪ ጥርሶች (በውስጠኛው ገጽ ላይ ያሉት የላስቲክ ጉብታዎች) ከግራና ከቀኝ ስላይደር እኩል መራቃቸውን በጎን ሆናችሁ ተመልከቱ። በአንዱ በኩል ከተጠጉ በዚያው በተጠጉበት በኩል ያለውን ማስተካከያ ጥቂት አጥብቁ፣ እንደገና አዙራችሁ እዩ። ሲያልቅ አክስሉን አጥብቁና ደግማችሁ ለኩ፤ ሲጠብቅ የሚንሸራተት አክስል አለ።

ትራኩ በሞተር በሚዞርበት ጊዜ ማንም ከኋላ አይቁም። ጠጠር፣ የተሰበረ ክሊፕ፣ ለመቆንጠጥ ትራኩ ላይ የሚታሰር የብረት ሹል (ስተድ) ከዚያ ሲወረወር እንደ ቀልድ አይታይም። ልጆች ጋራዥ ውስጥ ካሉ ሥራውን አቁሙ።

መለወጥ

ብዙ ስላይደሮች ጎናቸው ላይ የመጨረሻ መስመር አላቸው። የትኛውም ቦታ ላይ ያንን መስመር ከነካ ሌላው ክፍል ወፍራም ቢሆንም ይለወጣል፤ አልፋችሁ ከሄዳችሁ ክሊፑ አሉሚኒየሙን መብላት ይጀምራል፣ ሐዲድ መለወጥ ደግሞ ሌላ ወጪ ነው። ሁለቱንም አብራችሁ ለውጡ።

ተንጠልጣዩን ማውረድ አያስፈልግም። ማሽኑን ከኋላ አንሱ፣ ትራኩን አላሉ። በአብዛኞቹ ላይ ስላይደሩ የተያዘው ከፊት ጫፉ ባለች አንዲት ብሎን ነው፤ ፍቱት። የትራኩን መስኮት ከስላይደሩ ጋር አስተካክሉ፣ ከዚያ በእንጨት ቁራጭና በመዶሻ ስላይደሩን ወደ ኋላ እየመታችሁ አስወጡት። ቀልጦ ከተጣበቀ በካቻቢቴ ጠርዙን አላቅቁ እንጂ ሐዲዱን አትውገሩ።

ባዶውን ሐዲድ በጨርቅ ጠርጋችሁ ጣታችሁን በጠርዙ ላይ አሳልፉ። ሻካራ ቦታ ካለ በሞረድ አለስልሱ። ቀጥ ያለ ብረት አስደግፋችሁ መጣመሙን፣ በብሎን ቀዳዳዎቹ ዙሪያም ስንጥቅ መኖሩን እዩ። አዲሱን ስላይደር ቤት ውስጥ አሳድሩት፤ ከውጭ ብርድ የመጣ ፕላስቲክ ግትር ነው። የውስጡን ጉድጓድ በሳሙና ውሃ አርጥቡ፣ አሮጌው በወጣበት መንገድ መልሱት። ብሎኗን ስታጠብቁ ፕላስቲኩ እንዳይሰነጠቅ በልክ ይሁን። የፊተኛው ጫፍ ስለት ከሆነ ክሊፕ እንዳይዘው በሞረድ ጥቂት ክብ አድርጉት። ከዚያ የትራኩን ጥብቀት እንደገና ለኩ፤ አዲሱ ስላይደር ከአሮጌው ስለሚወፍር የበፊቱ ልክ አሁን ይጠብቃል።

የመጀመሪያዎቹ ማይሎች ልል በረዶ ባለበት፣ ያለ ጭነት፣ በዝግታ ይሁኑ። ከዚያ ቀዝቅዞ ሲያድር ስላይደሩን ጠዋት በእጃችሁ ዳስሱት፤ ፊቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ በእኩል ለስልሶ ካገኛችሁት አሁን በፍጥነት መንዳት ትችላላችሁ።